በጣት የሚነኩ የግራፍ ካልኩሌተሮች ለ10ኛ ክፍል ሒሳብ፦ ስምንት ካልኩሌተር ይሻላል ወይስ ታብሌት?

ጥያቄ፦ መምህር ከቱሉ ዲምቱ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ብዙ በማይርቅ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ10ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። አራት ሴክሽን ተመድቦልኛል፤ በየክፍሉ ከሃምሳ አምስት የማያንሱ ተማሪዎች ይቀመጣሉ፤ አንዱ ክፍለ ጊዜ ደግሞ 40 ደቂቃ ብቻ ነው።

ከእኛው ትምህርት ቤት ወጥቶ አሁን ውጭ አገር የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ ለሒሳብ ትምህርት ክፍላችን አንድ ነገር ላድርግ ብሎ ሁለት አማራጭ አቅርቦልኛል። አንደኛው ስክሪናቸው በጣት ወይም በብዕር የሚነካ ስምንት የግራፍ ካልኩሌተር ገዝቶ መላክ ሲሆን፣ ሁለተኛው በዚያው ገንዘብ አነስተኛ ታብሌቶችን መግዛት ነው። እንድወስን እንዲረዳኝም ሁለት ካልኩሌተር በዘመድ እጅ ላከልኝ፤ አንዱ ካሲዮ ክላስፓድ፣ ሌላው ኤችፒ ፕራይም ነው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2013 ለገበያ የቀረቡ ሞዴሎች ናቸው። የክላስፓዱ ስክሪን ሰፊ ሲሆን ከመሣሪያው ጋር በሚመጣው ብዕር ይነካል፤ የፕራይሙ ግን አነስ ያለ ሆኖ እንደ ስልክ በሁለት ጣት እየተከፈተ ግራፉን ያቀርባል፣ ያርቃል።

ለሁለት ሳምንት ክፍል ይዤያቸው ገባሁ። ባለፉት ዓመታት የኳድራቲክ ፈንክሽንን ግራፍ ሳስተምር በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሦስት ፓራቦላ ለመሣል ብቻ የክፍለ ጊዜው ግማሽ ያልቅብኝ ነበር፤ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ደግሞ የትኛው ፓራቦላ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ይቸገሩ ነበር። አሁን አንዲት ተማሪ በክላስፓዱ ላይ የጻፈችውን እኩልታ በብዕሩ ጎትታ ግራፉ መስኮት ላይ ስትጥለው ፓራቦላው ወዲያውኑ ወጣ። ቀጥላ የኤክስ ስኩዌር ማባዣ የሆነውን ቁጥር ከ1 ወደ ግማሽ፣ ከዚያም ወደ ኔጋቲቭ 1 ስትቀይረው ግራፉ ሲከፈትና ሲገለበጥ ያየችበት ፊቷ አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም። ያንን ነገር እኔ በቃል ለማስረዳት ስንት ዓመት እንደደከምሁ እናንተ መምህራን ታውቁታላችሁ።

ሆኖም አንድ ቀን ሌላ ነገር ገጠመኝ። አንድ ቡድን የሳይን ፈንክሽንን ግራፍ እንዲሥል አዘዝሁት፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የቡድኑ መሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ማሽኑ ተበላሽቷል» አለኝ። ስክሪኑን ሳየው በእርግጥም ከኤክስ አክሲስ ጋር ተጣብቆ የተኛ ቀጥ ያለ መስመር እንጂ ሞገድ የሚባል ነገር አልነበረውም። እኔም ለአፍታ ተበላሽቷል ብዬ አስቤ ነበር። በኋላ ስመረምረው ከልጆቹ አንዱ ከስክሪኑ ግርጌ ያለውን ራዲያን የሚለውን የማዕዘን መለኪያ ስም ሳያውቅ በብዕሩ ነክቶት ወደ ዲግሪ ተቀይሮ ኖሯል። መስኮቱ፣ ማለትም ስክሪኑ የሚያሳየው የቁጥር ክልል፣ ከኔጋቲቭ 10 እስከ 10 ሲሆን በዲግሪ ደግሞ የ10 ሳይን 0.17 ገደማ ብቻ ስለሆነ መስመሩ ከመተኛት በቀር ምን ሊያደርግ ይችላል? ያን ዕለት ለልጆቹ ይህንን ካስረዳሁ በኋላ በራዲያንና በዲግሪ መካከል ያለው ልዩነት ከመጽሐፉ ይልቅ በዚያ ስሕተት እንደገባቸው ተሰማኝ፤ ነገር ግን እኔ ባልደርስ ኖሮ ስሕተቱን እውነት አድርገው ወደ ደብተራቸው ሊገለብጡት ነበር።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ካልኩሌተር ይዞ መግባት በማይፈቀድበት አገር፣ ለስድሳ ተማሪ ስምንት ካልኩሌተር ማምጣት ይጠቅማል ወይስ ልጆቹን እጃቸው የማይሠራ ያደርጋቸዋል? ታብሌትስ የተሻለ ነውን? በክፍል የተጠቀማችሁበት ሰዎች ያያችሁትን ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ 1፦ የሒሳብ አስተማሪ፣ ለቡ

መምህር፣ ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። እኔ በአንድ የግል ትምህርት ቤት በታብሌት ላይ ጂኦጀብራ የተባለውን ሶፍትዌር ስጠቀም አራተኛ ዓመቴ ስለሆነ ያለኝን ልንገርዎት።

ጂኦጀብራን ማርኩስ ሆሄንዋርተር የተባለ ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ2001 በዛልትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሲማር የጀመረው ሲሆን ለተማሪና ለመምህር በነፃ የሚሰጥ ነው። አንድ ጊዜ ታብሌቱ ላይ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ይህ ደግሞ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት በእኛ ዳርቻ ቀላል ነገር አይደለም። ከሁሉ በላይ የምወድለት ስላይደሩን ነው። እኩልታውን በፊደል ይጽፉና ለፊደሉ ስላይደር ሲሠሩለት፣ ተማሪው በጣቱ ወዲያና ወዲህ እየገፋ ግራፉን ያንቀሳቅሰዋል። እርስዎ ያዩት ልጅቷ ቁጥሩን ደጋግማ ስትቀይር የሆነውን ነገር፣ በስላይደር ሲሆን ግራፉ ሳያቋርጥ ሲከፈትና ሲገለበጥ ያዩታል፤ ቁጥሩ ዜሮ ላይ ሲደርስ ፓራቦላው ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ለአፍታ ሲያልፍ ማየት ደግሞ ለልጆቹ ልዩ ነገር ነው። አንድ ተማሪዬ በዚያች ቅጽበት ጣቱን አቁሞ «ስለዚህ ኳድራቲክ የሚባለው ይህ ቁጥር ዜሮ እስካልሆነ ድረስ ነው ማለት ነው» ሲል የመጽሐፉን ትርጓሜ እኔ ሳልነግረው በራሱ አገኘው።

ስክሪኑም ሰፊ ስለሆነ አራት ልጅ ዙሪያውን ሆኖ ሊያየው ይችላል። የካልኩሌተሮቹ ስክሪን ግን የክላስፓዱ እንኳ 4.8 ኢንች፣ የፕራይሙ ደግሞ 3.5 ኢንች ብቻ ነው፤ ስድስት ልጅ በአንድ መሣሪያ ላይ ሲጎነበስ ሦስቱ የሚያዩት የጓደኛቸውን ጭንቅላት ነው።

ጉዳቱንም ልደብቅዎት አይገባም። ታብሌት ለተማሪ ታብሌት ብቻ አይደለም፤ ጌምም ነው፣ ፎቶም ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ መሣሪያዎቹን ከጨዋታ ለማጽዳት የሚፈጀው ጊዜ የማስተማሪያ ጊዜዬን ይበላው ነበር። በዚህ ረገድ ካልኩሌተሩ ንጹሕ ነው፤ ከሒሳብ ሌላ የሚሠራው ነገር ስለሌለው ልጁ ወደ ሌላ ቦታ አይሄድም። ቢሆንም ምርጫው የእኔ ቢሆን ታብሌት ነበር የምለው።

መልስ 2፦ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ ካራ ቆሬ

ልጆቼ፣ ሁለታችሁም የጻፋችሁት ደስ አሰኝቶኛል፤ ነገር ግን የመሣሪያው ምርጫ ላይ ቶሎ ደረሳችሁ መሰለኝ። እኔ በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲገባ ክፍል ውስጥ ነበርሁ። ትምህርቱ ከማዕከል በሳተላይት እየተላለፈ፣ መምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሰጠው ነበር። መብራት በሄደ ቀን ትምህርቱ አብሮ ይሄዳል፤ መብራት ባለ ቀን ደግሞ ተማሪው ያልገባውን ነገር «ቆይ፣ ድገምልኝ» የሚልበት ፋታ አልነበረውም። ችግሩ ቴሌቪዥኑ አልነበረም፤ ጥያቄው ከተማሪው ሳይነሣ መልሱ ቀድሞ ስክሪን ላይ መውጣቱ ነበር። የግራፍ ካልኩሌተርም በአንድ ነገር ካልተገራ ያንኑ ያደርጋል።

መግሪያውን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ለ10ኛ ክፍል የኤክስፖኔንሻል ፈንክሽን ስታስተምር ይህችን ጥያቄ ስጣቸው፦ «2 ፓወር ኤክስ» ከ«ኤክስ ስኩዌር» ጋር እኩል የሚሆነው በስንት ቦታ ነው? በመጀመሪያ መሣሪያውን ሳይነኩ በደብተራቸው ይሞክሩ። ቁጥር እያስገቡ ሲሞክሩ 2 ላይ ሁለቱም 4 ይሆናሉ፤ 4 ላይ ሁለቱም 16 ይሆናሉ። ልጆቹ ሁለት መልስ አገኘን ብለው ይደሰታሉ። አሁን ካልኩሌተሩን ክፈቱና ሁለቱን ግራፎች ሥሏቸው። መስኮቱ ከኔጋቲቭ 10 እስከ 10 ከሆነ ሁለት መገናኛ ይታያል፤ ግን ሁለቱ ከልጆቹ ሁለት ጋር አንድ አይደሉም። አንደኛው 2 ላይ ያለው ነው፤ ሌላው ግን ከዜሮ ግራ፣ ኔጋቲቭ 0.77 አካባቢ ያለ ማንም ያላሰበው ነጥብ ነው። አራት ላይ ያለው የት ሄደ? ዋይ 16 ስለሆነ ከመስኮቱ ጣሪያ በላይ ቀርቷል።

ልብ በሉ፤ እጅ ያገኘውን ማሽኑ አላሳየም፣ ማሽኑ ያሳየውን እጅ አላገኘም። እውነተኛው መልስ ሦስት ነው፤ ሦስቱን የሚያገኘው ደግሞ ሁለቱን የተጠቀመ ብቻ ነው። ይህንን ያየ ልጅ ከዚያ በኋላ ስክሪን ያሳየውን ሁሉ አያምንም፤ መስኮቱን ወደ ላይ ይጎትታል፣ ወደ ጎን ያሰፋዋል፣ ሌላም መገናኛ ይኖር ይሆን ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎ ከ4 በኋላ ለምን እንደማይገናኙ፣ ኤክስፖኔንሻሉ ለምን ጥሎት እንደሚሄድ መጠየቁ አይቀርም፤ እዚያ ሲደርስ ትምህርቱ በራሱ እግር ቆመ ማለት ነው።

ፈተናውን በተመለከተ፣ መምህር ከቱሉ ዲምቱ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም አንረሳውም። ስለዚህ የእጅ ሥራ አይቀነስ። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ፦ በመጀመሪያ ግራፉ ምን ሊመስል እንደሚችል በወረቀት በግምት ይሣል፣ ከዚያ በማሽን ይታይ፣ ከዚያ ግምቱና ማሽኑ የተለያዩበት ምክንያት በጽሑፍ ይብራራ። ክላስፓዱም ፕራይሙም እኩልታ በፊደል የመፍታት ችሎታ ስላላቸው፣ ያንን ክፍል ቢያንስ በመጀመሪያው ሴሚስተር እንዳይነኩት ያድርጉ፤ ፋክተር ማድረግን ገና የሚማር ልጅ በአንድ ንክኪ መልስ ካገኘ እጁ ይሰንፋል።

ለስድሳ ተማሪ ስምንት መሣሪያ ያንሳል ብላችሁ አትዘኑ። በዚህ አካሄድ ካስተማራችሁ ማሽኑ የሚያስፈልገው በመካከል ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ቀሪው ጊዜ የወረቀትና የክርክር ነው።

መልስ 3፦ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ፣ ቃሊቲ

መምህራን ስለ ትምህርቱ በቂ ብለዋል፤ እኔ ስለ መሣሪያው ልናገር።

ሁለቱ ካልኩሌተሮች ስክሪናቸው በአሠራር ይለያያል። የክላስፓዱ በግፊት የሚሠራ ነው፤ ሁለት ስስ ሽፋኖች ሲጫኑ እርስ በርስ ስለሚነካኩ ነው ቦታውን የሚያውቀው። ስለዚህ በብዕሩ፣ በጥፍርም ሊሠራ ይችላል፤ ብዕሩ ቢጠፋ ግን ልጆቹ በእስክሪብቶ ጫፍ ሊሞክሩ ስለሚችሉ ሽፋኑ ይጫራል። ከመጀመሪያው ቀን የመከላከያ ፕላስቲክ ይለጠፍበት፤ ብዕሩንም በክር ከመሣሪያው ጋር እሰሩት። የፕራይሙ ስክሪን እንደ ስልክ የሰውነትን ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ስለሆነ በእስክሪብቶ አይሠራም፤ በጠመኔ አቧራ በተሸፈነ ጣት ሲነኩት ግን መዘባረቅ ሊያመጣ ይችላል፤ ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ከጎኑ ይቀመጥ።

ዋናው ግን ኃይሉ ነው። ክላስፓዱ አራት ቀጫጭን የባትሪ ድንጋይ ይወስዳል፤ በቴሌቪዥን ሪሞት የሚገባው ዓይነት ነው፤ በየሱቁ ይገኛል። ፕራይሙ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ስላለው ወጪ የለውም፤ ነገር ግን መብራት ሁለት ቀን ከጠፋ ሁሉም አብረው ያርፋሉ፤ ለዚያ ሁለት ደህና ፓወር ባንክ ይበቃል። የባትሪ ድንጋይ ሲገዛ ደግሞ ርካሹን አትግዙ፤ ፈስሶ ማስገቢያውን ያበላሸባቸው ብዙ ካልኩሌተሮች ወደ እኔ ይመጣሉ። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ድንጋዩን አውጥታችሁ አስቀምጡ።

ታብሌቱን በተመለከተ፣ ርካሽ ታብሌት በሁለተኛው ዓመት ባትሪው ያብጣል፤ ስክሪኑ ከተሰበረ ደግሞ ለዚያ ሞዴል መለዋወጫ ማግኘት አድካሚ ነው። ካልኩሌተር ግን ሲወድቅ የመትረፍ ዕድሉ ይበልጣል፤ ወፍራም መክደኛ አለውና።

መልስ 4፦ በትምህርት ቤት ንብረት ክፍል የሠራሁ፣ አያት

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ያየሁት ስለሚያሳዝነኝ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት በስጦታ የመጣ የላቦራቶሪ ዕቃ በንብረት መቀበያ ቅጹ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ መጋዘን ከገባ በኋላ ለአራት ዓመት ካርቶኑ አልተከፈተም። መምህሩ በንብረት ማውጫ ቅጹ በሞዴል 22 ፈርሞ ካወጣው ዕቃው ሲጠፋ ከደመወዙ ስለሚቆረጥ ማንም አልደፈረም። ዕቃው ወድቆ አልተሰበረም፤ ሳይነካ አረጀ። ስለዚህ ስጦታው ከመምጣቱ በፊት ከርዕሰ መምህሩ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ፤ በስሕተት ለሚጎዳ መሣሪያ መምህሩ ብቻውን እንዳይጠየቅ፣ ካልኩሌተሮቹም በሒሳብ ትምህርት ክፍሉ ቁም ሣጥን እንዲቀመጡ። በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር ጽፋችሁ ለእያንዳንዱ ቡድን ቁጥሩን መድቡ፤ ሲወጣና ሲመለስ የክፍል አለቃ ይቁጠር።

ጠያቂው እንደገና፦ መምህር ከቱሉ ዲምቱ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የካራ ቆሬው አባታችን የሰጡኝን ጥያቄ ማክሰኞ ዕለት በአንዱ ሴክሽን ሞከርሁት። ያሉኝ መሣሪያዎች ሁለት ብቻ ስለሆኑ ክፍሉን በአሥር ቡድን ከፍዬ ሁሉም መጀመሪያ በግራፍ ወረቀት እንዲሠሩ አደረግሁ፤ ከዚያ መሣሪያዎቹ ከቡድን ወደ ቡድን ዞሩ። እንደተባለውም ሁሉም ቡድን 2ንና 4ን አገኘ፤ መሣሪያው ሲዞር ደግሞ ኔጋቲቩን ነጥብ ያየው የመጀመሪያው ቡድን ማመን ስላቃተው ኔጋቲቭ 0.77ን በሁለቱም እኩልታዎች ውስጥ እያስገባ በእጁ አረጋገጠ። በሁለቱም 0.59 ገደማ ሲመጣ አንዱ ልጅ ከመቀመጫው ተነሣ።

ለቀድሞ ተማሪዬም ጽፌለታለሁ። ስድስት ክላስፓድ እንዲልክና የቀረውን ገንዘብ መምህሩ ለሁሉም እንዲያሳይበት ለአንድ ታብሌትና ለአንድ ትንሽ ፕሮጀክተር እንዲያውለው ነው የጠየቅሁት። ክላስፓዱን የመረጥሁት በባትሪ ድንጋዩና በስክሪኑ ስፋት ምክንያት ሲሆን፣ የለቡው ወንድሜ ስላይደር ደግሞ ከፊት ለፊት ለሁሉም ይታያል ማለት ነው። ከርዕሰ መምህሩ ጋር የሚፈረመውን ስምምነት ረቂቅ ትናንት ሰጥቻቸዋለሁ፤ እስከ ሰኞ አየዋለሁ ብለውኛል።

ስለ ማክሰኞው ክፍል አንድ ነገር ይቀረኛል። መሣሪያው ሳይደርሳቸው ደወል የተደወለባቸው ሦስት ቡድኖች ነበሩ። በማግሥቱ ከእነርሱ አንዱ ያመጣልኝ ወረቀት ከተለመደው ይረዝም ነበር። ግራፍ ወረቀቱ ዋይ 10 ላይ ስላለቀባቸው ከላዩ ሁለተኛ ወረቀት በፕላስተር ቀጥለው 16 ድረስ ደርሰዋል፤ ከዜሮ በስተግራም መስመሮቹን በጥንቃቄ አራዝመው ሦስተኛውን መገናኛ በቀይ እስክሪብቶ ከብበውታል።

መልስ 5፦ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ ካራ ቆሬ

ያንን ወረቀት አይጣሉት፣ መምህር፤ ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። ለሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ «3 ፓወር ኤክስ» ከ«ኤክስ ኪዩብ» ጋር በስንት ቦታ እንደሚገናኝ ይጠይቋቸው፤ 3 ላይ ያለውን ሁሉም ያገኙታል፤ በ2 እና በ3 መካከል፣ 2.48 አካባቢ ያለው ሁለተኛው ግን መስኮቱ ሳይጠብና ሳይቀርብ የሚታይ አይደለም።